ስብጥሩ ቀስ በቀስ የሚለወጥ ቁስን ሞዴል ማድረግ፦ ከአሉሚኒየም ወደ ዚርኮኒያ፣ ደረጃ በደረጃ

ከታች ንጹህ አሉሚኒየም፣ ከላይ ንጹህ ዚርኮኒያ (ሴራሚክ)፣ መሃሉ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይታወቅ የሚሸጋገር ቢም (ጭነት የሚሸከም ዘንግ)። ወረቀት ላይ አንድ መስመር ቀመር ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ሰው እዚያው ይቆማል፤ ምክንያቱም የሳለው ቅርጽ ስለ ቁሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሶፍትዌሩ ለአንድ አካል አንድ ቁስ ብቻ ይጠይቃል። ከዚያ የሚመጣው ስህተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዝምታ ያልፋል፦ ፕሮግራሙ አያጉረመርምም፣ ውጤቱ ያምራል፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው።

ይህ መመሪያ አንድ ቢም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራል። ትእዛዞችንና የፋይል ቃላትን እዚህ በግዕዝ ፊደል ጽፈናቸዋል፤ ፋይሉ ውስጥ ሲያስገቧቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፏቸው።

## የሚያስፈልግዎ

ሁሉም በነጻ የሚገኝ ነው፦ ሜሽ (ቅርጹን ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች፣ ማለትም ወደ ኤለመንቶች፣ የሚከፍል መረብ) ለመሥራት ጂሜሽ፣ ለስሌቱ ካልኩሊክስ፣ ስብጥሩን ለመጻፍ ፓይተን ከቁጥር ማስሊያው ከነምፓይ ጋር፣ ውጤቱን ለማየት ፍሪካድ ወይም ፓራቪው። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ ይተርፋል።

የምንሠራው ቢም 100 ሚሜ ርዝመት፣ 10 ሚሜ ስፋት፣ 10 ሚሜ ውፍረት አለው። አንዱ ጫፉ ታስሯል፤ ሌላው ጫፉ ላይ 100 ኒውተን ወደ ታች ይጫናል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። የአሉሚኒየምና የዚርኮኒያ ጥንድ በስሌት ጽሑፎች የተለመደ ስለሆነ ለመማሪያ ጥሩ ነው። ዱቄታቸውን ቀላቅሎ ምድጃ ውስጥ ለመጋገር ግን አይሆንም፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ የዚርኮኒያ ዱቄት ደግሞ ለመጠጠር ብዙውን ጊዜ ከ1300 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ለእውነተኛ ሥራ ሲሆን የቁስ ቁጥሮቹን ይቀይሩ፤ አካሄዱ ያው ነው።

## ደረጃ 1፦ ቁጥሮቹን በአንድ መለኪያ ያስቀምጡ

ካልኩሊክስ ስለ መለኪያ አያውቅም፤ የሰጡትን ቁጥር ብቻ ያሰላል። ኒውተን፣ ሚሊሜትር፣ ሜጋፓስካል ይምረጡና ከዚያ አይውጡ።

- አሉሚኒየም፦ የያንግ ሞዱለስ (የግትርነት መለኪያ) 70,000 ሜጋፓስካል፣ የፖይሰን ምጣኔ (ቁሱ ሲሳብ በጎን የሚቀጥንበት ልክ) 0.3
- ዚርኮኒያ፦ የያንግ ሞዱለስ 151,000 ሜጋፓስካል፣ የፖይሰን ምጣኔ 0.3

ጊጋፓስካል ለምደው 70 ብለው ቢጽፉ ቢሙ ሺህ እጥፍ ይጎብጣል። ይህኛው ቢያንስ ዓይን ላይ ይታያል። የማይታየው የእፍግታ (የአንድ ይዘት ክብደት) ስህተት ነው። የንዝረት ስሌት የሚሠሩ ከሆነ እፍግታ በቶን በኪዩቢክ ሚሊሜትር ይገባል፤ ለአሉሚኒየም 2.7×10⁻⁹ ማለት ነው። ለዚርኮኒያ በብዙ ጽሑፎች 3000 ኪሎ ግራም በኪዩቢክ ሜትር የሚል ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ያገኛሉ። ጥቅጥቅ ያለ ዚርኮኒያ 6000 አካባቢ ነው። ከጽሑፍ ጋር ለማወዳደር ከሆነ የጽሑፉን ቁጥር ይጠቀሙ፤ ለእውነተኛ ዕቃ ግን 6000ን።

## ደረጃ 2፦ የስብጥር ቀመሩንና የድብልቅ ሕጉን ይምረጡ

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ አንድ አድርጎ ማየት ከተለመዱት ስህተቶች ዋናው ነው።

ስብጥሩ። ከታች ያለውን ከፍታ «ዜ» እንበለው፤ ከ0 እስከ 10 ሚሜ ይሄዳል። የዚርኮኒያ የይዘት (የቮሊውም) ድርሻ፦

ድርሻ = (ዜ ÷ 10)^ኤን

ኤክስፖነንቱን «ኤን» 2 እናድርገው። በመሃል፣ ማለትም በ5 ሚሜ ላይ፣ ድርሻው 25 በመቶ ነው፤ በ7.5 ሚሜ ላይ 56.25 በመቶ።

የድብልቅ ሕጉ። 25 በመቶ ዚርኮኒያ ያለበት ድብልቅ ምን ያህል ግትር ነው? ቀላሉ መልስ በድርሻ ማማከል ነው፤ የፎይት ሕግ ይባላል («ኢ» የያንግ ሞዱለስ ነው)፦

ኢ(ዜ) = 70,000 + 81,000 × (ዜ ÷ 10)²

በዚህ መሠረት በ5 ሚሜ ላይ 90,250፣ በ7.5 ሚሜ ላይ 115,560 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል።

ፎይት የላይኛው ወሰን ነው፤ እውነተኛው ቁስ ከዚያ አይበልጥም። የታችኛውን ወሰን የሮይስ ሕግ ይሰጣል። ግማሽ በግማሽ ሲደባለቁ ፎይት 110.5፣ ሮይስ 95.7 ጊጋፓስካል ገደማ ይላሉ። ለመጉበጥ ስሌት ይህን ልዩነት መታገስ ይቻላል። ለሙቀት ማስተላለፍ ስሌት ግን ልዩነቱን መታገስ ፈጽሞ አይቻልም፦ አሉሚኒየም 204፣ ዚርኮኒያ 2.09 ዋት በሜትር በኬልቪን ሲያስተላልፉ፣ ግማሽ በግማሽ ላይ ፎይት 103፣ ሮይስ 4.1 ይሰጣሉ። ሃያ አምስት እጥፍ! የሙቀት ስሌት ካለብዎ ፎይትን በጭፍን አይውሰዱ፤ በሁለቱም ወሰኖች ያስሉና ውጤቱን በሁለቱ መካከል ያለ ክልል አድርገው ያቅርቡ።

ማስጠንቀቂያ። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው የይዘት ድርሻ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ዱቄት በሚዛን ነው የሚለካው። በክብደት ግማሽ በግማሽ የተመዘነ ድብልቅ በይዘት ሲታይ 31 በመቶ ዚርኮኒያ ብቻ ነው፤ የክብደቱን 50 በቀጥታ ካስገቡ ሞዱለሱ 95 መሆን ሲገባው 110.5 ይሆናል።

## ደረጃ 3፦ መልሱን በእጅ ያስሉ

ይህን ደረጃ አይዝለሉ። በኋላ ሞዴሉ ሲሳሳት የሚያስታውቅዎ ይህ ብቻ ነው።

1. አማካይ ሞዱለስ፦ 70 + 81 ÷ 3 = 97 ጊጋፓስካል።
2. ገለልተኛው መስመር (የማይሳብም የማይጨመቅም ከፍታ)፦ (35 + 81 ÷ 4) ÷ 97 = 0.5696፣ ስለዚህ ከታች 5.696 ሚሜ ላይ ነው። መሃል ላይ አይደለም፤ ወደ ግትሩ ወገን ተስቧል።
3. የመጉበጥ ግትርነት፦ (70 ÷ 3 + 81 ÷ 5) − 55.25² ÷ 97 = 8.0636። ይህ በጊጋፓስካል ስለሆነ በ1000 አባዝተው ወደ ሜጋፓስካል ይለውጡት፤ ከዚያ በስፋቱና በውፍረቱ ኪዩብ ሲያባዙት 8.0636×10⁷ ኒውተን·ሚሜ² ያገኛሉ።
4. የጫፉ መጉበጥ፦ 100 × 100³ ÷ (3 × 8.0636×10⁷) = 0.413 ሚሜ። የሸር (የቁሱ ንብርብሮች እርስ በርስ የመንሸራተት) ድርሻ 0.003 ሚሜ ያህል ይጨምራል።
5. ከጭነቱ 50 ሚሜ ርቀት ላይ ያለ ስትረስ (በቁሱ ውስጥ በስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል)፦ ላይኛው ገጽ 40.3፣ ታችኛው ገጽ 24.7 ሜጋፓስካል።

እነዚህን አምስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፈው ከስክሪኑ አጠገብ ያስቀምጡ።

## ደረጃ 4፦ ቅርጹንና ሜሹን ይሥሩ

1. ጂሜሽ ውስጥ 100 በ10 የሆነ አራት ማዕዘን ይሳሉ፤ አንዱ ማዕዘን በትክክል ዜሮ ነጥብ ላይ ይሁን።
2. በ«ትራንስፋይናይት» ረጅሙን ጎን በ51፣ አጭሩን በ6 ነጥብ ይከፋፍሉ። ገጹን «ሪኮምባይን» ያድርጉ።
3. ወደ ላይ 10 ሚሜ «ኤክስትሩድ» ያድርጉ፤ «ሌየርስ» 10 ይበሉ፣ «ሪኮምባይን»ም ይጨምሩ።
4. «ፊዚካል ቮሊውም» ብቻ ይሰይሙ። ገጾችንም ከሰየሙ ጂሜሽ የገጽ ኤለመንቶችን አብሮ ይጽፋል፤ እነሱም ወይ ስሌቱን ያስቆሙታል ወይ ቢሙን ሳያውቁት ያጠነክሩታል።
5. ሁለተኛ ኦርደር ይምረጡ፤ «ሴከንድ ኦርደር ኢንኮምፕሊት» የሚለውንም 1 ያድርጉ።
6. በአባከስ (የሌላ የስሌት ሶፍትዌር) ፎርማት ያስቀምጡ፤ ካልኩሊክስ ያነበዋል። ከዚያ ፋይሉን በጽሑፍ አርታኢ ከፍተው የኤለመንቱን ስም ወደ «ሲ3ዲ20አር» ይቀይሩ።

አምስተኛው ነጥብ ብዙ ሰው የሚያርፍበት ወጥመድ ነው። ካልተደረገ ጂሜሽ ባለ 27 ኖድ (ኖድ የኤለመንቱ ነጥብ ነው) ኤለመንት ይሠራል፤ ካልኩሊክስ ደግሞ ያንን አይቀበልም። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ጠቅላላ ኖዶቹን ይቁጠሩ። 12,531 ከሆነ ልክ ነው። 23,331 ከሆነ ወደ አምስተኛው ነጥብ ይመለሱ።

## ደረጃ 5፦ ስብጥሩን በኖዶቹ ላይ ይጻፉ

ዘዴው ይህ ነው። ካልኩሊክስ የቁስ ጠባይ በሙቀት እንዲለዋወጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ የ«ሙቀት»ን ቦታ ለስብጥር እንዋሰዋለን፦ 0 ዲግሪ ማለት ንጹህ አሉሚኒየም፣ 100 ዲግሪ ማለት ንጹህ ዚርኮኒያ። እውነተኛ ሙቀት የለም፤ ቁጥሩ የዚርኮኒያ በመቶኛ ነው።

1. «ኢላስቲክ» በሚለው ትእዛዝ ሥር ሁለት መስመር ይጻፉ። የመጀመሪያው 70000፣ 0.3፣ 0፤ ሁለተኛው 151000፣ 0.3፣ 100። ሙቀቱ ከትንሽ ወደ ትልቅ መሄድ አለበት።
2. «ኤክስፓንሽን» የሚል ትእዛዝ ፋይሉ ውስጥ ካለ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። ከቀረ፣ በኋላ ሙቀቱ ሲለወጥ ቢሙ የውሸት ሙቀት ሰምቶ ሊለጠጥ፣ ውጤቱም ሊበላሽ ይችላል።
3. በፓይተን የኖዶቹን ዝርዝር ያንብቡ። ለእያንዳንዱ ኖድ 100 × (ዜ ÷ 10)² ያስሉ። በኤለመንት ጠርዝ መሃል ያሉትን ኖዶችም አይተዉ።
4. ውጤቱን «ኢኒሻል ኮንዲሽንስ፣ ታይፕ=ቴምፐሬቸር» በሚለው ሥር ይጻፉ፤ በአንድ መስመር የኖዱ ቁጥር፣ ኮማ፣ እሴቱ። 12,531 መስመር ይሆናል። ይህን ዝርዝር በተለየ ፋይል አድርገው በ«ኢንክሉድ» ቢጠሩት ዋናው ፋይል ይቀላል።

ዜሮው የት ነው? ቅርጹን መሃሉን ዜሮ ላይ አድርገው ከሳሉት «ዜ» ከ−5 እስከ 5 ይሄዳል። ኤን 2 ሲሆን የኔጌቲቭ ካሬ ፖዘቲቭ ስለሆነ ፓይተን ምንም አይልም፤ ቢሙ ግን ላይና ታች 25 በመቶ ዚርኮኒያ፣ መሃሉ ንጹህ አሉሚኒየም ሆኖ ቁጭ ይላል። ለዚህ ቅርጽ (ዜ + 5) ÷ 10 ይጠቀሙ።

ኤን ከ1 በታች ሲሆን። ኤን 0.5 ቢሆንና አንድ ኖድ በቁጥር መጠጋጋት ምክንያት ከዜሮ በታች በአንድ ቢሊዮንኛ ቢወርድ፣ ነምፓይ ቁጥር ያልሆነ እሴት ይሰጣል፤ ያም ሾልኮ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ኤክስፖነንቱን ከማስላትዎ በፊት ጥምርታውን (ዜ ÷ 10) በ«ክሊፕ» በ0ና በ1 መካከል ይገድቡ።

ኤን በጣም ትንሽ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ኤን 0.2 ከሆነ በመጀመሪያው 1 ሚሜ ውስጥ ብቻ ድርሻው ከ0 ወደ 63 በመቶ ይዘላል። 1 ሚሜ የሆነ ኤለመንት ይህን ኩርባ በቀጥታ መስመር ይተካዋል። ከታች በኩል ኤለመንቶቹን እስከ 0.05 ሚሜ ያቅጥኑ፤ ወደ ላይ ሲሄዱ ሊሰፉ ይችላሉ።

## ደረጃ 6፦ ጫፉን ያስሩት፣ ይጫኑት፣ ያስሉት

1. የርዝመት ልኬታቸው ዜሮ የሆኑትን ኖዶች በሙሉ ይሰብስቡና በሦስቱም አቅጣጫ እንዳይንቀሳቀሱ ያስሯቸው። «እኩል ነው ዜሮ» ብለው አይፈልጉ፤ ከዜሮ ያላቸው ርቀት ከ0.000001 በታች የሆኑትን ይውሰዱ።
2. በሌላኛው ጫፍ ያሉትን ኖዶች ይሰብስቡ። 181 መሆን አለባቸው።
3. 100 ኒውተኑን ለ181ዱ እኩል ያካፍሉ። በአንድ ኖድ ላይ ብቻ ካስቀመጡት ያ ቦታ ይሰረጉዳል፣ የጫፉ መጉበጥም ይዛባል።
4. ለታሰረው ጫፍ የምላሽ ኃይል ድምር እንዲታተም ይጠይቁ፤ «ኖድ ፕሪንት» ላይ «ቶታልስ=ኦንሊ» የሚለውን ይጨምሩ።
5. ያስሉት።

ስሌቱ «ኔጌቲቭ ጃኮቢያን» ብሎ ከቆመ ችግሩ ስብጥሩ አይደለም፤ የኤለመንቶቹ ኖዶች ቅደም ተከተል ተገልብጧል ወይም ሜሹ ተጣሟል። ደረጃ 4ን ይድገሙ።

## ደረጃ 7፦ ይፈትሹ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ሀ. ኃይሉ። የምላሹ ድምር 100 ካልሆነ ጭነቱ በትክክል አልገባም። ይህን ሳያስተካክሉ ወደፊት አይሂዱ።

ለ. አንድ ቁስ ብቻ። የ«ኢላስቲክ»ን ሁለቱንም መስመሮች 70000 ያድርጓቸው። መጉበጡ 0.576 ሚሜ ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ሁለቱንም 151000፦ 0.267 ገደማ። እነዚህ ካልመጡ ጥፋቱ በቅርጹ፣ በማሰሪያው ወይም በመለኪያው ነው፤ ስብጥሩን አይነካኩ።

ሐ. ሁለቱ ቁሶች አንድ ላይ። መስመሮቹን ወደ ቦታቸው ይመልሱ። መጉበጡ በ0.41ና በ0.42 ሚሜ መካከል መሆን አለበት። 0.576 አካባቢ ከመጣ ፕሮግራሙ ያስገቡትን ሙቀት አላነበበም፤ ሁሉንም ኖድ ዜሮ አድርጎታል ማለት ነው። የ«ኢንክሉድ» ፋይሉን ስምና ቦታ ይዩ።

መ. ላይና ታች። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ስብጥሩን ገልብጠው ዚርኮኒያውን ከታች ቢያደርጉት እንኳ መጉበጡ ያው 0.413 ነው! የቢሙ ግትርነት ላይና ታች አይለይም። በመጉበጥ ብቻ ያረጋገጠ ሰው የተገለበጠ ሞዴል ይዞ ይቀርባል። የሚያጋልጠው ስትረሱ ነው፦ በቢሙ ርዝመት መሃል ላይኛው ገጽ 40.3፣ ታችኛው 24.7። ቁጥሮቹ ቦታ ከተለዋወጡ ስብጥሩ ተገልብጧል።

ጭነቱ ወደ ታች ሲሆን ላይኛው ገጽ ይሳባል። ሴራሚክ መሳብን አይወድም፤ ለእውነተኛ ዕቃ ዚርኮኒያው በሚጨመቀው ወገን እንዲሆን ያድርጉ። እዚህ የተመረጠው ለፍተሻው ግልጽ እንዲሆን ብቻ ነው።

ሠ. ሜሹ። የውፍረት ኤለመንቶቹን ከ10 ወደ 20 ከፍ አድርገው ይድገሙት። የላይኛው ገጽ ስትረስ ከ2 በመቶ በላይ ከተንቀሳቀሰ ወደ 40 ይሂዱ።

## ደረጃ 8፦ እውነተኛ ሙቀት ካለ፣ በንብርብር ይሥሩ

የደረጃ 5 ዘዴ የሙቀትን ቦታ ተበድሯል። ዕቃው በእርግጥ የሚሞቅ ከሆነ ብድሩ አይሠራም። አባከስ ያላቸው ሰዎች ለስብጥሩ «ፊልድ ቫሪያብል» የሚባለውን ይጠቀሙ፤ ሙቀቱ ለራሱ ነጻ ሆኖ ይቀርለታል። ካልሆነ ቢሙን በንብርብሮች ይከፋፍሉ፤ ለእያንዳንዱ ንብርብር የመሃሉን ድርሻ አስልተው የራሱን ቁስ ይስጡት።

ስንት ንብርብር? ለመጉበጥ 10 ይበቃል። ለስትረስ አይበቃም፦ ኤን 2 ሲሆን ላይኛዎቹ ሁለት ንብርብሮች 128.5ና 143.1 ጊጋፓስካል ይሆናሉ፤ ስለዚህ በመገናኛቸው ላይ ስትረሱ 11 በመቶ ገደማ ይዘላል። በ20 ንብርብር ዝላዩ ወደ 5.5 በመቶ ይወርዳል። ይህ ዝላይ የሞዴሉ እንጂ የቁሱ አይደለም። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ላይታይዎ ይችላል፤ ማሳያው በኖዱ ላይ የሁለቱን ወገን እሴት ያማክላል። በ«ኢኤል ፕሪንት» የውስጥ ነጥቦቹን እሴት አውጥተው ይዩት።

ንብርብሮቹን ፍሪካድ ውስጥ ለየብቻ ሠርተው ሜሽ ካደረጓቸው በመገናኛው ላይ ኖድ አይጋሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ እንደተደረደረ ጣውላ ይንሸራተታሉ፣ ቢሙም ከሚገባው በላይ ይጎብጣል። ሜሽ ከማድረግዎ በፊት በ«ቡሊያን ፍራግመንትስ» ያያይዟቸውና ሁነታውን «ኮምፕሶሊድ» ያድርጉት።

የሙቀት መለጠጥ ምጣኔው ለአሉሚኒየም 23×10⁻⁶፣ ለዚርኮኒያ 10×10⁻⁶ በኬልቪን ነው። ከማመንዎ በፊት አንድ ፍተሻ ያድርጉ፦ ለሁሉም ንብርብር አንድ ዓይነት ምጣኔ ይስጡ፣ ቢሙ እንዳይንሳፈፍ በሚበቃ ያህል ብቻ በስድስት ገደብ ያስሩት፣ እኩል 100 ዲግሪ ያሙቁት። ስትረሱ ዜሮ መሆን አለበት። ካልሆነ ማሰሪያዎ ቢሙን እየጨመቀው ነው።

## ደረጃ 9፦ ለሚሠራው ሰው ሲያስረክቡ

ኤስቲኤል ፋይል ብቻ አይላኩ። በውስጡ ያለው የገጽ ትሪያንግል ነው፤ ስብጥሩ እዚያ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ኤኤምኤፍ የሚባለው ፎርማት ስብጥርን በቦታ ቀመር ለመጻፍ ይፈቅዳል፤ ተቀባዩ ማሽን ያነበው እንደሆነ ግን አስቀድመው ይጠይቁ። የማይከዳዎ መንገድ ቅርጹን ከአንድ ሠንጠረዥ ጋር መላክ ነው፦ በአንድ ዓምድ ከፍታ በሚሜ፣ በሁለተኛው የይዘት ድርሻ፣ በሦስተኛው የክብደት ድርሻ።

የክብደት ድርሻውን እንዲህ ያስሉ። በ5 ሚሜ ላይ የዚርኮኒያ ይዘት 25 በመቶ ነው። 0.25 × 6 = 1.5፤ 0.75 × 2.7 = 2.025። 1.5ን ለድምሩ ለ3.525 ሲያካፍሉት 42.6 በመቶ ይወጣል። ሚዛን ላይ የሚቆመው ሰው የሚፈልገው ይህንን ቁጥር ነው፤ በዓምዱ ራስ ላይ «በክብደት» ብለው በግልጽ ይጻፉበት፣ ዜሮው ከየትኛው ገጽ እንደሚጀምርም በቅርጹ ላይ በቀስት ያሳዩ።